ጳጉሜን የማያውቅ መዝገብ

ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ደግ ደጉን ያስቀድማል። እኔ ደግ ደጉን ብፈልገው አላገኘሁትምና ከክፉው ልጀምር። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ ተቀምጬ፣ ልጃቸውን ፍለጋ ከጎጃም የወረዱ አባት ፊት «ልጅዎ በዚህ አላለፈም» ብያለሁ። አልፎ ነበር። አላለፈም ያለው ኮምፒውተሩ ነው ብዬ ማመካኘት አልፈልግም፤ ኮምፒውተሩን እንደዚያ እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የሳንጃ ልጅ ነኝ። ጎንደር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት በየቢሮው ደጅ ጠንቼ፣ በመጨረሻ ገንዳ ውሃ ተቀጠርኩ። ቁጣሽ የእናትሽ ነው ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ የአባትሽ ነው ትላለች። የማንም ይሁን፣ ቱግ ለማለት ጊዜ አይፈጅብኝም። ይህን የማነሣው ለወግ አይደለም፣ በኋላ ለሆነው ነገር ትልቁን ድርሻ ስለያዘ ነው።

ሥራው ይህ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ለአረም፣ ቀጥሎ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያ ለማሽላ። እዚህ «ሳሉግ» ይሏቸዋል። መናኸሪያ ሲወርዱ የእርሻ ባለቤቶች የላኳቸው ሰዎች ይጠብቋቸዋል፤ በዋጋ ከተስማሙ ጭነት መኪና ላይ ያወጧቸውና ወደ በረሃው ካምፕ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፣ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ሁሉም በጥድፊያ ነው። ማን ወደ የትኛው ካምፕ እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ወባ አለ፣ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ አለ፣ እባብ አለ፣ ጥይትም አለ። አንዳንዱ ወደ ሱዳን ይሻገራል። አንዳንዱ «አንድ ወሎዬ ነበር» ተብሎ እርሻ ዳር ይቀበራል። ታኅሣሥና ጥር ላይ አባቶችና ወንድሞች ፎቶ ይዘው ይመጣሉ።

መዝገቡ ለእነሱ ነው። ሠራተኛው መናኸሪያ ሲደርስ ስሙ፣ አገሩ፣ የዘመድ ስልክ፣ የመጣበት ቀንና የሚሄድበት ካምፕ ይጻፋል። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ካምፕ ሂዱና ጠይቁ ይባላል። ሌላ ጥቅም የለውም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት መዝገቡን የሚይዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። መናኸሪያው በር ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥተው፣ ሰፊ ጥቁር ደብተር ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ፊደሉን አይጽፉትም፣ ይስሉታል። ደግሞ ወሬ ይጠይቃሉ፤ አባትህ አለ ወይ፣ አገርህ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ስንት ጥማድ ታርሳላችሁ። እስከዚያ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ግማሹ ሳይመዘገብ ይሄዳል። ዘመድ ሲመጣም ያ ደብተር ገጽ በገጽ ሲገለጥ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

አለቃዬ «በኮምፒውተር አድርጊው» አለኝ። ደስ አለኝ። ተቀጥሬ እስከዚያ ቀን ድረስ ፕሪንተር ከመፈታታት በቀር ሥራ የሚባል አልሰጡኝም ነበር።

ፓይተን የሚሉትን የፕሮግራም ቋንቋ እችላለሁ። በፓይተን ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ግማሹ ቤት ቆሞ የሚሰጥ ማዕቀፍ አለ፤ በሩንና መስኮቱን ነው ራስሽ የምትገጥሚው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በአንድ በአንድ ረጅም ፈንክሽን፣ ማለትም የትእዛዝ ጥቅል፣ ጻፍኩት። መናኸሪያው ከሚቀመጠው ላፕቶፕ ጥያቄ ሲመጣ ፈንክሽኑ ይቀበለዋል፤ ገጹን ለማየት የመጣ ከሆነ ይህን አድርግ፣ መረጃ ይዞ የመጣ ከሆነ ያንን አድርግ፣ መረጃው የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ለምዝገባ አንድ፣ ካምፕ ለሚቀይር አንድ፣ ለታመመ አንድ፣ ወደ አገሩ ለሚመለስ አንድ። ሁሉም አንዱ የአንዱ ግልባጭ ነው። አንዱን አስተካክዬ ሌላውን እረሳለሁ። ሲመረኝ ጊዜ ሁሉንም አፍርሼ በክላስ ልጽፈው ተነሣሁ።

በክላስ ሲሠራ ነገሩ እንደ ቤት ሥርዓት ነው። ሊጠይቅ የመጣው በአንድ በር ይስተናገዳል፣ ይዞ የመጣው በሌላ በር፤ የመጀመሪያውን በር «ጌት» ይሉታል፣ ሁለተኛውን «ፖስት»። አንድ ወላጅ ክላስ ይጻፋል። ቅጹ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ሲሞላ እንዴት እንደሚመረመር፣ ትክክል ከሆነ የት እንደሚቀመጥ፣ ስህተት ካለበት ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፎ ያልቃል። ሌሎቹ ገጾች ልጆች ሆነው ከእሱ ይወርሳሉ፤ የሚለዩበትን ብቻ ይጨምራሉ። ያ ሁሉ የምዝገባ ገጽ በጥቂት መስመር አለቀ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ልጆቹ የወላጁን ጥፋትም እንደሚወርሱ መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ግን በዚያን ሰዓት ስለ ጥፋት የሚያስብ ማን ነው።

የቀኑን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ማዕቀፉ የሚያውቀው የፈረንጅን ቀን ነው። እኛ የምንጽፈው የራሳችንን ነው። መቀየሪያ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ምን አደከመኝ አልኩ። ቁጥር ቁጥር ነው። ሐምሌ አምስትን፣ ቀን አምስት፣ ወር አሥራ አንድ ብለው ይጻፉት፤ ማሽኑ የፈረንጅ ወር ቢመስለው ምን አገባኝ። ሞከርኩት፣ ተቀበለ። እኔም አለፍኩት።

ሐምሌ ላይ ሥራ ጀመርን። ላፕቶፑ ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጠ፣ ጋሼም በሁለት ጣት መጻፍ ለመዱ። ችግሩ ቀዩ ጽሑፍ ሆነ። የዘመድ ስልክ የሌለው ሠራተኛ ሲመጣ «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» የሚል ቀይ መስመር ይወጣል። ጋሼ ቀይ ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ወዲያው ይደውላሉ። «አንች ልጅ፣ ደግሞ ተቆጣ» ይሉኛል ኮምፒውተሩን። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ሳምንት ሲሞላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደሜ ይፈላ ጀመር።

በአንዱ ቀን ቱግ አልኩና ወላጁ ክላስ ውስጥ ገባሁ። ስህተት ያለበት ቅጽ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውን ቀየርኩት። ያሰብኩት ክፉ አልነበረም፤ የተሳሳተው ቅጽ ወደ አንድ ጊዜያዊ ማኅደር ይሄዳል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አስተካክለዋለሁ፤ ጋሼ ፊት ግን ቀይ ነገር ሳይወጣ ባዶ ቅጽ ይመለስላቸዋል፣ የሚቀጥለውን ሰው ይጽፋሉ። ባዶ ቅጽ የሚመልሰውን መስመር ጻፍኩ። ማኅደሩ በሚሠራበት ቦታ ላይ «በኋላ» የሚል ማስታወሻ አደረግሁ። መብራት ሄደ። በማግሥቱ የስልኩን ቦታ ባዶ መተው እንዲቻል ሳደርገው የጋሼ ስልክ ጸጥ አለ፣ እኔም ማስታወሻዬን ረሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጹ ትክክል ሲሆንም ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ ሲሳሳትም ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ሲሳሳት ግን የተጻፈው የትም አይሄድም።

ጋሼ ደብተራቸውን አልተዉም ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከጻፉ በኋላ ደግመው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። «አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይኖራል» አሉኝ። ሰልፉ ዘገየ ብዬ ደብተሩን ነጠቅኳቸው። አዎ፣ ነጠቅኳቸው፣ ያውም ሰው ፊት። ቢሮ ወስጄ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ስለ ሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ መጣ። በሩፋኤል ዝናብ መጠመቅ ልማድ ነው፤ ከመኪና የወረዱት ሠራተኞች ሸሚዛቸውን እያወለቁ መናኸሪያው መሀል ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ጋሼ ላፕቶፑን ላስቲክ አልብሰው ይጽፋሉ። ደወሉልኝ።

«አንች ልጅ፣ ከላይ ያለው የሰው ቁጥር ከትላንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሣም። ይህ ነገር እየገባ ነው?»

«ቅጹ ባዶ ሆኖ ይመለሳል?»

«መመለሱንስ ይመለሳል።»

«እንግዲያው ገብቷል። ቁጥሩ በኔትወርኩ ምክንያት ነው፣ አይነካኩት።»

«ለማንኛውም በደብተርም ብጽፋቸውስ?»

«ጋሼ፣ በቃ» አልኩና ዘጋሁባቸው። መስከረም አንድ ቁጥሩ መነሣት ጀመረ። «ይኸው፣ አላልኩም?» ብዬ ሳፌዝባቸው ትዝ ይለኛል።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተራግፎ አለቀ። ታኅሣሥ ገባ። አባትየው በዚያ ሙቀት ቡሎኳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ጉርድ ፎቶ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ይቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም፤ ወንበር ስስብላቸው ጫፉ ላይ አረፍ አሉ።

«ልጄን ነው» አሉ። «ወደ መተማ ብሎ የወጣው በጳጉሜ መግቢያ ነው። አብሮት የወጣው ያገሩ ልጅ ጎንደር ላይ ታሞ ተመለሰ። ብቻውን ቀጠለ። ስልክ የለውም። ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ ብሎ ነበር።»

ስሙን ነገሩኝ። ጻፍኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ምንም ሰው አልተገኘም»። በአባቱ ስም ፈለግሁ፣ በአገሩ ስም ፈለግሁ። የለም።

በዚህ መሀል ጋሼ ለሌላ ጉዳይ ገቡ። ካርቶኑን ከአባትየው እጅ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «ይህን ፊት አውቀዋለሁ» አሉ። «በሩፋኤል ዝናብ ከቆሙት አንዱ ነው። ጸጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ መጥቶ ጽፌዋለሁ መሰለኝ።»

አባትየው ብድግ አሉ።

እኔ ነደደኝ። ከአንድ እንግዳ ፊት ሥራዬን የሚያራክሱብኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ በዚያ ክረምት ስንት ፊት አይተዋል? የመሰልዎትን አይናገሩ፣ የሰው ልብ አይስቀሉ። ከተጻፈ እዚህ ይገኛል። ካልተገኘ አልተጻፈም።» ጋሼ ካርቶኑን መለሱና ወጡ።

አባትየው ወደ ኮምፒውተሩ አገጫቸውን አነሡ። «እሱስ አይሳሳትም?»

«አይሳሳትም፣ አባቴ። ልጅዎ በዚህ አላለፈም። መዝገቡ ላይ የለም። በሌላ መንገድ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል። መተማ ዮሐንስ ወርደው ኬላው ጋ ይጠይቁ።» የቢሮውን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ባለቤታቸው ትደውል እንደሆነ ብለው ወረቀቱን ወደ አገር ለሚመለስ ሰው እንደሚሰጡት ነገሩኝ። «ቁርጡን የሚናገር ሰው ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አለቃዬ ለበላይ የሚቀርብ ሪፖርት አዘዘኝ። በየቀኑ ስንት ሠራተኛ እንደ ገባ በሥዕል አውጪ አለኝ። ሥዕሉ ወጣ። ከሐምሌ ጀምሮ መስመሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄድና ጳጉሜ ላይ መሬት ይነካል። አምስቱንም ቀን ማንም የለም። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ነው አልኩ። ቀጠልኩ። ጥቅምት ላይ መስመሩ ከሁሉ ከፍ ብሎ ሳለ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ላይ እንደገና ወደቀ። ሁለት ቀን፣ ባዶ። አጨዳው በሚፋፋምበት ወር፣ መናኸሪያው ሰው በሰው በሆነበት ሰሞን፣ ማንም አልመጣም?

ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ነው። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር ነው። ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም።

የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እያልን በየግድግዳው የምንለጥፍ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ይህን ለማሰብ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር። ወላጁን ክላስ ከፈትኩት። «በኋላ» የምትለዋ ማስታወሻዬ እዚያው ተቀምጣለች። ማሽኑ ቀኑን ባየ ጊዜ ስህተት ነው ብሏል፣ እንዳዘዝኩት ባዶ ቅጽ መልሷል፣ የሰዎቹን ስም ጥሏል። ጋሼ ሩፋኤል ዕለት የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር ማን መቼ እንደ ጠየቀ የሚመዘግብበት ፋይል አለው። የጠፉትን ስሞች ከዚያ አገኛለሁ ብዬ ገባሁበት። አላገኘሁም። መረጃ ይዞ የመጣ ጥያቄ ሰዓቱ ብቻ ይጻፋል፣ የያዘው አይጻፍም። የጳጉሜ መስመሮች አንድ በአንድ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው፣ ስሙ ግን የለም። ሊጠይቅ የመጣ ግን የሚፈልገው ስም የገጹ አድራሻ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋዎቹ ከነስማቸው ነበሩ። ያ ስም አለ፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ከእኔ ጠረጴዛ። «አልተገኘም» ተብሏል።

ወረድ ብዬ ሳይ ያው ስም እንደገና አለ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ። ከእኔ ጠረጴዛ አይደለም። ለሕክምና ሰዎች የከፈትኩት የፍለጋ ገጽ ነበር፤ ዘመድ የሌለው በሽተኛ ሲመጣ የዘመድ ስልክ እንዲያገኙበት። ከዚያ ነው የተጠየቀው። «አልተገኘም» ተብሏል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፣ አንዴ በአባቱ አፍ፣ አንዴ በራሱ። ለሁለቱም የመለስኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሕክምና ቤቱ ደወልኩ። ያነሣችው ነርስ አስታወሰችው። ከሽንፋ በታች ካለ ካምፕ በሰሊጥ መኪና ላይ ነው ያመጡት፤ ካላዛር ነበር፣ ወባም ተደርቦበታል፣ ሆዱ አብጦ እግሩ ቀጥኖ። ስሙንና የአባቱን ስም ይናገር ነበር። «ዘመድ እንዲያስታምመው በእናንተ ገጽ ፈልገን ነበር፣ አልወጣም» አለችኝ፤ ነገሩን ብቻ ነው የነገረችኝ፣ አልወቀሰችኝም። ለገና ዋዜማ ዐረፈ። ከተማው ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳር ተቀበረ። ከቢሮዬ እዚያ ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ፤ አለቃዬ ወባ መስሎት ሂጅ ተመርመሪ አለኝ።

ወደ ጋሼ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር፣ ከለከሉኝ። «እኔ ላይ የጮኽሽው ተረስቷል» አሉ። «አባቱ የት ነው ያለ?» መተማ ዮሐንስ አልኳቸው። አሁኑኑ ሄጄ ልነግራቸው እንደምፈልግ፣ አንድ ቀን እንኳ ልሸከመው እንደማልችል ተናገርኩ። አዩኝ። «ያንች ሸክም ይቅለል ተብሎ መርዶ በቀትር፣ በመንገድ ላይ አይነገርም። ይዘነው እንመጣለን፤ እህል ይቀምሳል፣ ይተኛል፣ በማለዳ እኔ እነግረዋለሁ።»

በማግሥቱ በሚኒባስ ወረድን። አባትየውን ያገኘናቸው ከጠረፉ ድልድይ ወዲህ፣ ከማዶ ጦርነት የሸሸው ሰው በሚያልፍበት ጥግ ነው። ከስተዋል። ካርቶኑ በእጅ ብዛት ተበልቷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አንች ልጅ፣ ባትመክሪኝ ኖሮ ገንዳ ውሃ ላይ በከንቱ እንከራተት ነበር» አሉኝ። «ከማዶ፣ ገዳሪፍ ላይ አይቼዋለሁ ያለ ሰው አገኘሁ። በነፍስ አለ።»

ጋሼ «ስለ ልጁ አንድ የምንጠያየቀው ነገር አለና ከእኛ ጋር ይምጡ» አሏቸው። አላመነቱም። በመንገዱ ሁሉ ከጎኔ ተቀምጠው መረቁኝ። ልጅ ውለጅ፣ ልጅሽ ይጡርሽ፣ ደጅሽን ሐዘን አያንኳኳው። አሜን ማለት አቅቶኝ መስኮት መስኮቱን አየሁ። እንደዚያ መንገድ የረዘመብኝ የለም።

በማለዳ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጋሼ ቤት ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። አባትየው ሰዎቹ ሲገቡ አይተው ገባቸው። ጋሼ ተናገሩ። አባትየው ቡሎኳቸውን ራሳቸው ላይ ስበው ተሸፋፈኑ። ከዚያ ቡሎኮውን ገለጥ አደረጉና ጋሼን ጠየቁ።

«ይች ልጅ የለም ባለችኝ ቀን፣ በነፍስ ነበር?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። መልሱን ለእኔ ተዉት።

«ነበር» አልኩ። የቀረውንም ነገርኳቸው፤ የቀኑን፣ የቀዩን ጽሑፍ፣ የደብተሩን። የገባቸው አይመስለኝም። ሊገባቸው የሚገባውም ነገር አልነበረም።

መቃብሩን አሳየናቸው። አፈሩን በመዳፋቸው ደልደል አደረጉ፣ በዙሪያው ድንጋይ ለቅመው አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ቢሮዬ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ።

«ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። ስሙን፣ አገሩን፣ የእናቱን ስልክ፤ የመጣበትን ቀን ጳጉሜ ሦስት ብዬ። ፕሮግራሙን አስተካክዬው ነበርና ተቀበለ። ስሙን ፍለጋው ላይ ስጽፈው «አንድ ሰው ተገኝቷል» አለ። አነበብኩላቸው። ማንበብ አይችሉምና የቱ ጋ እንደ ተጻፈ ጠየቁኝ፣ በጣቴ አሳየኋቸው። ጥቂት አዩት።

«ይህን ቁጥር የያዘች እናቱ ናት» አሉ። «እኔ ስልክ የለኝም። ከእኔ በፊት እዚህ ከደወለች፣ የለም በያት።»

«አባቴ፣ እንዴት አድርጌ...»

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ናት። ደርሼ፣ ዘመድ ሰብስቤ፣ በማለዳ እነግራታለሁ። መንገዱ ሦስት ቀንም አራት ቀንም ይፈጅ ይሆናል። እስከዚያ አላለፈም በያት።» ካርቶኑን ቡሎኳቸው ውስጥ ከተቱ። «ታውቂበታለሽ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፣ ከሩቅ። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤናዬን፣ የቤተሰቤን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ነገሩኝና መዝገባችሁ ላይ አለ ወይ አሉ። እጄ ልማዱ ሆኖ ስሙን ጻፈ። አንድ ሰው ተገኝቷል። የመጣበት ቀን ጳጉሜ ሦስት። የዘመድ ስልክ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው፣ ያን ሰዓት የደወሉልኝ የእናትየው ቁጥር ነበር።

«የለም፣ እናቴ» አልኳቸው። «በዚህ አላለፈም።»

«በደንብ አየሽው፣ ልጄ?»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ተስፋ አለ» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ስልኩን ዘጉ።